ግንባሩ ያልሞላ ጥቅል

መንገድ ላይ ዕድሜው ያለቀ መልእክት የት ይገባል? ትርንጎ ይህን እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ልጅ ያለው ይታቀፍ። ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የሕፃን ልጇ የአንለይ ፎቶ ለአባቱ ይድረስላት። አባትየው፣ ባሏ ስማቸው፣ መተማ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ልጁን ገና በዓይኑ አላየውም። ማታ ደግሞ ኔትወርክ ወደሌለበት እርሻ ሊገባ ነው።

«ፎቶዬ፣ ሂድልኝ» አለችው።

«ጥቅሉ አልሸከምህም አለኝ» አላት ፎቶው፤ በኔትወርክ የሚላክ ሁሉ በጥቅል ታስሮ ነው የሚጓዘው።

ጥቅሉን ብትለምነው፣ «በረኛው አላሳልፍህም አለኝ» አላት። በኔትወርክ መንገድ በየመገናኛው በረኛ አለ፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ የሚሞላበትን የጥቅሉን ግንባር ሳያነብ አያሳልፍም። በረኛ አላሳልፍም አለ፣ ጥቅል አልሸከምም አለ፤ ፎቶም አልሄደም።

በረኛውን ብትለምነው፣ «ግንባሩ ላይ ያለው ዕድሜ፣ ስንት በር እንደቀረው የሚቆጥረው፣ አልቀንስም አለኝ። በየበሩ አንድ እየቀነሰ ካላለቀ እኮ መንገድ የሳተ ጥቅል ሲዞር ይኖራል!» ዕድሜ አልቀንስም አለ፣ በረኛ አላሳልፍም አለ፣ ጥቅል አልሸከምም አለ፤ ፎቶም አልሄደም።

ዕድሜን ብትለምነው፣ «እኔ ስቀንስ የግንባሩ ድምር፣ ስሕተት መኖሩን የሚያጣራው ቁጥር፣ አብሮኝ መስተካከል አለበት፤ እሱ አልገጥምም አለኝ።» ድምር አልገጥምም አለ፣ ዕድሜ አልቀንስም አለ፣ በረኛ አላሳልፍም አለ፣ ጥቅል አልሸከምም አለ፤ ፎቶም አልሄደም።

ድምርን ብትለምነው፣ «‹ለማን› ተሞልቷል፣ ‹ከማን› ግን ባዶ ነው። ባዶ ይዤ ምን ልደምር?»

‹ከማን›ን ብትለምነው ተቆጣ፤ «አንቺው አይደለሽ እንዴ ዝም በል ያልሽኝ!»

እውነቱን ነው። ያ ሁሉ በረኛ የአንለይን ቤት ካወቀ፣ የሰው ዓይን ቢያርፍበትስ ብላ ፈርታለች። እንኳን ለበረኛ፣ ለጎረቤትም ፊቱን ሸፍና ነው የምታሳየው። ‹ከማን› አልናገርም አለ፣ ድምር አልገጥምም አለ፣ ዕድሜ አልቀንስም አለ፣ በረኛ አላሳልፍም አለ፣ ጥቅል አልሸከምም አለ፤ ፎቶም አልሄደም፤ ጀንበርም አዘቀዘቀች።

ጎረቤቷ እትዬ አንጓች ይህን ሰምተው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ደጅሽን ደብቀሽ የባልሽ መልስ በማን ደጅ ይግባ? በኔ? እኔማ አልጠላም!»

«ኧረ እትዬ!» ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። አማተበችና ‹ከማን› ላይ የራሷን ደጅ ሞላች።

‹ከማን› ተናገረ፣ ድምር ገጠመ፣ ዕድሜ ቀነሰ፣ በረኛ አሳለፈ፣ ጥቅል ተሸከመ፤ ፎቶም ሄደ!

ብዙም ሳይቆይ የስማቸው ድምፅ መጣ። «ትርንጎዬ! ጆሮው ቁርጥ የኔ! በይ እርሻው ሳልገባ ሳቁንም ላኪልኝ።»

አንለይ ግን ስልክ ሲያይ እንደ ዳኛ ይኮሳተራል። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ምን ብታደርገው ይሥቅላታል? ቶሎ ምከሯት፤ ትራክተሩ ሞተሩን አስነሥቷል።