ዳኛው ስንጥቅና የውሃው አባት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ። ይህን ተረት ጮክ ብዬ አልናገረውም፤ የሚሰማ ተራራ አለበትና።

በድሮ ዘመን፣ አውሬና ሰው ቃል ይለዋወጡ በነበረበት ጊዜ፣ ዝምተኛ በሚባል ተራራ ሥር አንድ መንደር ነበረ። በዚያ መንደር አያ አንዳርጌ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አያ አንዳርጌ ደግ ነው፤ ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ሚስቱ ወርቅያንጥፉ ትባላለች። እሷ ረጋ ያለች ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትበላለች። ጎረቤታቸው ደግሞ አያ ቢያድግልኝ ነው። እሱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ አፉ ማር፣ ልቡ ግን ሌላ የሆነ ሰው ነበር።

አያ አንዳርጌ የውሃው አባት ነው። የውሃው አባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዝምተኛ ተራራ ጎን ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል፤ ስፋቱ ግን አንድ ስንዝር ከጋት ነው። ከስንጥቁ ወዲያ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ፣ ትልቅ ኩሬ ተኝቷል። የክረምቱ ዝናብ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በኩሬው ዳር ሦስት ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ነጩ ሲነሣ ውሃው በቦይ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ጥቁሩ ሲነሣ ኩሬው በሙሉ ወደ ገደል ይደፋል፤ ዳግመኛም አይሞላም። ቀዩ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ሰው አያውቅም።

ይህን እኔና እናንተ አወቅን እንጂ መንደርተኛው አያውቅም ነበር። መንደርተኛው የሚያውቀው ሦስት ድንጋዮች መኖራቸውንና አንደኛው ጥፋት መሆኑን ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው፣ በየዓመቱም ገብቶ ነጩን የሚያነሣው የውሃው አባት ነው። ምስጢሩም ከአሮጌው የውሃ አባት ወደ አዲሱ የሚተላለፈው እዚያው ኩሬው ዳር ቆሞ ነው። ውጭ እንዳይነገር መሐላ አለበት።

ሰዉ ስንጥቁን "ዳኛው" ይለዋል። አማላጅ አይሰማም፤ መማለጃ አይቀበልም፤ የሰው ፊት አይቶ አያዳላም። ቀጭኑን ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ይመልሳል። ልጥረብህ፣ ላስፋህ ያለውም የለም፤ ተራራው ያስፈራል።

አያ አንዳርጌ በሃያ ዓመቱ እየሮጠ ገባ። በሠላሳ ዓመቱ በጎኑ ገባ። በአርባ ዓመቱ ትንፋሹን ውጦ፣ ደረቱ ተልጦ ገባ። አርባ አምስት በሞላበት ዓመት፣ በመስቀል ማግስት፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ገሚስ ገላው ገብቶ ገሚሱ ውጭ ቀረ። ወደ ፊት ቢል እምቢ፣ ወደ ኋላ ቢል እምቢ። አራት ጎልማሶች ጎትተው አወጡት።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ቀና ብሎ ተራራውን አየ።

ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው መከሩ። "ወንዙ እስከ ጥር ያደርሰናል" አሉ። "ከጥር ወዲያ ግን ከብቱም ሰዉም ማለቁ ነው። አያ አንዳርጌ፣ በጥር መባቻ ትገባለህ። ካልሆነልህ ሌላ ሰው ይግባና ፈጣሪ እንደመራው አንዱን ድንጋይ ያንሣ።"

"እኔ አለሁ" አለ አያ ቢያድግልኝ፣ ቀጭን ደረቱን እየነካ። "ለአገሬ ብዬ እገባለሁ።"

ለአገሩ ብሎ አልነበረም። ውሃው በእጁ ከገባ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ለማዞር ካሰበ ቆይቷል። አያ አንዳርጌ ግን ስለ ማሳው አላሰበም። ያሰበው ስለ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ከሦስቱ አንዱን እንዲሁ በግምት ሊያነሡ ነው። መናገርም አይችልም፤ መሐላ አለበት።

በመጀመሪያ ኮሶ ጠጣ። ኮሶው ሆዱን ጠርጎ አወጣለት። በማግስቱ "ኮሶ የጠጣ ሰው መጠገን አለበት" ብለው ጎረቤቶቹ ዶሮ ይዘውለት መጡ። በዳኛው ፊት ሲቆም እንደ ድሮው ነበረ።

ቀጥሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል አልቀምስም አለ። አልቀመሰምም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የሦስት ሰው ራት በላ። በዳኛው ፊት ሲቆም እንዲያውም ጨምሮ ነበረ።

በሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ ስንጥቁ አጠገብ ተቀመጠና አለቀሰ። ከድንጋዩ ላይ አንድ የገደል ሽኮኮ ቁልቁል አየው።

"አንተ ሰው፣ ምን ሆንክ?" አለው።

"ዳኛው መለሰኝ" አለ አያ አንዳርጌ።

"እኔን አይመልሰኝም።"

"አንተም እኮ ድብልብል ነህ።"

"ድብልብልስ ነኝ" አለ ሽኮኮው ምንም ሳይከፋው። "ግን ሲርበኝ እበላለሁ፣ ሲበቃኝ እተዋለሁ። ከዚያ ሌላ ሽኮኮ መጥቶ 'በሞቴ አንዲት ቅጠል ጨምርልኝ' ብሎኝ አያውቅም። አንተን የሚያበላህ ማነው? ረሃብህ ነው ወይስ ሰው ነው?"

አያ አንዳርጌ ጣቱን ይዞ ቆጠረ። ጧት የበላው ርቦት ነው። ረፋድ ላይ ሌማቱ ክፍት ነበረና በዚያ ሲያልፍ ቆረሰ። ቀትር ላይ እንግዳ መጣ፤ እንግዳ ብቻውን አይበላም ብሎ አብሮ በላ። ከሰዓት በኋላ ድፎ የተቆረሰበት ቤት ገባ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎ በላ። ማታ ወርቅያንጥፉ እንዳትቀየም በላ። አምስት ጊዜ በልቶ የራበው አንዴ ነው። አርባ አምስት ዓመት ኖሮ ይህን አለማወቁ በጣም ደነቀው።

ወደ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ወርቅያንጥፉ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ መለሰች።

"እስቲ ከነገ ጀምሮ ከእኔ እኩል ይብሉ። እጄን ሳነሣ ያነሣሉ፤ እኔ አኝኬ ሳልውጥ ሌላ አይቆርሱም። ሌማቱንም ቆጡ ላይ አወጣዋለሁ፤ መሰላል አቁሞ የሚወጣ ረሃብ ከሆነ የእውነት ረሃብ ነው።"

በመጀመሪያው ቀን ጭንቅ ነበር። እጁ ገበታው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሷ ገና ታኝካለች። ጎርሶ ይጨርሳል፤ እሷ ገና ታኝካለች። ገበታው ሳይጋመስ "በቃኝ" ብላ እጇን ሰበሰበች። አያ አንዳርጌ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን የገዛ ሆዱም "በቃኝ" ሲል ሰማው። ሆዱ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም። ሁልጊዜ እጁ ይቀድመው ነበር።

ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ተራራውን ይወጣል። ስንጥቁ ውስጥ በጎኑ ገብቶ የደረሰበትን በከሰል ያሠምራል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰሉ አንድ ቦታ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጣት ገባ። በሦስተኛው ሁለት ጣት ገባ። ድንጋዩ ሲሰፋ አላየም፤ እሱም ሲጠብ አልታወቀውም። ግን ከሰሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አንዳንዴ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከወዲያ በኩል ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማዋል። ልቡ በፍርሃትም በደስታም ይሞላል።

አያ ቢያድግልኝ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አስቦ አስቦ ድግስ ደገሰ። አንዴ ማኅበር ነው አለ፤ አንዴ ክርስትና ነው አለ፤ አንዴ የአያቴ ተዝካር ነው አለ። ሦስቱንም ጊዜ አያ አንዳርጌን ከጎኑ አስቀመጠ። ጠቅልሎ ጠቅልሎ የጡጫ የሚያህል ጉርሻ አነሣ።

"በሞቴ፣ ይቺን ስለ እኔ።"

አያ አንዳርጌ ጎረሰ።

"በሞቴ፣ ይቺን ስለ ባለቤቴ።"

ጎረሰ።

"አፈር ስሆን፣ ይቺን ስለ ልጆቼ።"

ታዲያ ምን ይበል? ሰው በሞቱ ሲለምን እምቢ ማለት ይቻላል? በመጀመሪያው ድግስ ማግስት ከሰሉ አንድ ጣት ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚህ ዓይነት ጥር ሲደርስ ዳኛው እንደሚመልሰው፣ ጥቁሩም ድንጋይ እንደሚነሣ ታየው። በሁለተኛው ድግስ ላይ ጉርሻው ሲመጣበት የሽኮኮው ነገር ትዝ አለው። እጁን ዘረጋ፤ ጉርሻውን ከአያ ቢያድግልኝ እጅ ተቀበለው፤ ትንሽ ወጥ ጨመረበትና ወደዚያው ወደ አጉራሹ አፍ መለሰው።

"በሞቴ" አለ አያ አንዳርጌ። "አንተ ሳትቀምስ እኔ ልጉረስ? አያምርብኝም። ይቺን ስለ እኔ።"

አያ ቢያድግልኝ ዙሪያውን አየ። እንግዳው ሁሉ ያያል። ጎረሰ።

"ይቺን ስለ ባለቤቴ።"

ጎረሰ።

"ይቺን ስለ ልጆቼ።"

እንባው እስኪመጣ ጎረሰ። ሰዉም "እንዴት ይዋደዳሉ!" አለ። አያ ቢያድግልኝ ግን አልታረመም። ጾሙ ገባ፤ በዘይት የራሰ ሽሮ አቀረበ፤ የተልባና የሱፍ ፍትፍት አቀረበ። የሰጠው ሁሉ ተመልሶ ወደ ራሱ አፍ ገባ። የቁር ወራት ነውና ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው የሚሄዱት። አያ ቢያድግልኝ የአያ አንዳርጌን ጋቢ ከውጭ እያየ "አሁንም ወፍራም ነው" ይላል። ከራሱ ጋቢ ሥር ያለውን አላየም። ሲያየው የነበረው የሰው ሆድ ብቻ ነው።

የጥር መባቻ ደረሰ። ወንዙ ቀጥኖ ክር አክሏል። መንደሩ ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለውም ምርኩዝ የያዘውም፣ ወደ ዝምተኛ ወጣ።

አያ ቢያድግልኝ ቀደም አለ። "አባቶቼ፣ ለምን ጊዜ እናጠፋለን? እሱ እንደማይችል ባለፈው አይተናል። እኔ ልግባ።"

አያ አንዳርጌ "ይግባ" አለ። የመለሰለትን ጉርሻ ሁሉ ቆጥሮ ነበርና።

አያ ቢያድግልኝ ጋቢውን ጣለ። ሰዉ አጉረመረመ። ያ ሸንበቆ የት ሄደ? በጎኑ ሆኖ ወደ ስንጥቁ ገባ። ትከሻው ገባ። ደረቱ ገባ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ዳኛው ያዘው። ተራራው ከፊቱም ከኋላውም ተጫነው፤ የራሱ ልብ በድንጋዩ ውስጥ ሲመታ ይሰማዋል። ላብ አጠመቀው፣ ትንፋሽ አጠረው።

"ማሩኝ" አለ በትንሽ ድምፅ። "ቦዩን ወደ ማሳዬ ላዞር ነው የመጣሁት። የትኛውን ድንጋይ እንደማነሣ አላውቅም። ምንም አላውቅም።"

ይህን ሁሉም ሰማ። ውሃውን ለራሱ ሊያደርግ የመጣ ሰው ሊያስገቡ እንደነበር ሲረዱ ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ጎትተው አወጡት።

ያኔ አያ አንዳርጌ ጋቢውን አጥፎ ለወርቅያንጥፉ ሰጣት። ከሥሩ የወጣውን ሰው ባዩ ጊዜ ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ተአምር አልወረደለት፣ መድኃኒት አላገኘ። ሚስቱ ስታኝክ ከመጠበቅ በቀር ምንም አላደረገም። በጎኑ ሆነና ገባ። ድንጋዩ ደረቱን ዳሰሰው፤ ጀርባውን ዳሰሰው፤ ለቀቀው።

ውስጡ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ! ከላይ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ አንድ ጭላንጭል ብርሃን ይወርዳል። ኩሬው አይነቃነቅም። ጥልቀቱን ያየ የለም። ከጣራው አንዲት ጠብታ ስትወድቅ ድምፅዋ ተራራውን ሁሉ ይዞራል። አያ አንዳርጌ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው አማተበ። ከዚያ ነጩን ድንጋይ አቅፎ አነሣው።

ውጭ ያሉት መጀመሪያ ከእግራቸው ሥር ጉርምርምታ ሰሙ። ቀጥሎ ቦዩ ረጠበ። ቀጥሎ ውሃው መጣ። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው በእፍኛቸው ጠጡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ።

አያ ቢያድግልኝ ላይ ፈረዱበት። በየዓመቱ ቦዩን ከተራራው እስከ መንደሩ ብቻውን ይጥረግ ተባለ። ጠረገም፤ ውሃውን ሊያዞረው የፈለገ ሰው የውሃው አገልጋይ ሆኖ ኖረ።

ለአያ አንዳርጌም "ይህ ምስጢር ካሁን በኋላ በአንድ ሰው ገላ ላይ አይንጠልጠል፤ ዛሬውኑ አንድ ሰው መርጠህ አስገባ" አሉት። ጎልማሶቹ ሁሉ ደረታቸውን ነፉ። እሱ ግን ወደ ሚስቱ ዞሮ "ወርቅያንጥፉ፣ ነይ" አላት።

ገባች። ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። አያ አንዳርጌ ነጩን አሳያት፤ ጥቁሩን አሳያት። ወርቅያንጥፉ ወደ ቀዩ ጠቆመች።

"ይሄስ?"

"አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበሩትም አያውቁም።"

እሷ እጇን ቀዩ ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ለብ ያለ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ነገር በቀስታ የሚተነፍስ ይመስላል። ወርቅያንጥፉ እንደ ልማዷ ቆየች። ከዚያ በገበታ ላይ እንደምታደርገው እጇን ሰበሰበች።

"በቃን" አለች።

ተያይዘው ወጡ። ቀዩ ድንጋይ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው አለ።

ልጆች፣ ነገሩ ይህ ነው። ለሰው ፍቅር ብላችሁ ብሉ፤ ግን ሆዳችሁ ሲናገር ዝም በሉና ስሙት፤ ሰውን ሊያጠምድ የሚያጎርስም የገዛ ጉርሻው እንደሚመለስበት ይወቅ። እኔ የያዝኩትን አካፍያችኋለሁ፤ ድስቱ ሥር ትንሽ ቀርቷል፤ እሱንም ሆን ብዬ ነው የተውኩት።