ሣሩ ጉልበት ይደርሳል ያለው ድምፅ

አንድ ገአስ የሚባል ግመል አርቢ በአፋር በረሃ ይኖር ነበር። ዝናቡ ቀረና ሣሩ አለቀ። ግመሎቹ ከመክሳታቸው የተነሣ የቀራቸው አቅም ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ነበር። ግጦሽ ያለበት ከደረሱ ይተርፋሉ፤ የሌለበት ከደረሱ መመለሻ የላቸውም። ሚስቱና ልጆቹ ደግሞ የሚኖሩት በግመሎቹ ወተት ነው።

ገአስ ስልክ ነበረው። ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ስልኩን ወሬ ሞልቶት ሊፈነዳ ደርሷል። አንዱ “ምዕራብ ዘንቧል” ይላል። ሌላው “ምዕራብ የከብት በሽታ ገብቷል” ይላል። ሌላው ደግሞ ጎርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ይልካል፤ የየት አገር ጎርፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ገአስ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይሰማል፣ “ቆይ አንድ ልጨምር” ይላል። በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ግራ ይጋባል። እሱ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ግመሎቹ መክሳታቸውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ደረሰው። ተናጋሪው የጀመረው በዳጉ ወግ ነበር። ዳጉ የአፋር ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ልማድ ነው። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው አያገኝም። ድምፁ ረጋ ብሎ ሰላምታውን አደረሰ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቀ፣ ከዚያ “ሰሜን ሜዳ ላይ ነኝ። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል” አለ።

ገአስ እፎይ አለ። “በዳጉ ማን ይዋሻል” ብሎ ጎጆውን ነቀለና ግመሎቹ ላይ ጫነ።

ሊነሣ ሲል አጎቱ አይዳሂስ ደረሱ።

“ወዴት ነው?”

“ወደ ሰሜን ነው አጎቴ። ዳጉ ደርሶኛል።”

“ደግ። ማነው የነገረህ?”

“ስሙን እንኳ አልተናገረም።”

“ጎሳውስ?”

“እንጃ።”

“መቼ አየሁ አለህ?”

“እሱንም አልተናገረም” አለ ገአስ። አጎትየው ተቆጡ። “ሰውየውን መንገድ ላይ አግኝተኸው ቢሆን ይሄን ሳትጠይቅ ትነሣ ነበር? ሰላምታው ስላማረ ብቻ ልጆችህን ይዘህ ልትጠፋ ነው?”

ገአስ በጣም አፈረ። በንዴት ስልኩን ሊወረውረው ሲል አይዳሂስ እጁን ያዙት። “ተው እንጂ፣ እሱ ምን አደረገህ? ሰሜን ሜዳ ዳር ሞሚና የምትባል ሻይ ሻጭ አውቃለሁ። ቁጥሯ ይኸው፤ ደውልና ጠይቃት።”

ገአስ ደወለ፤ መልእክቱንም አሰማት። ሞሚና እስከ መጨረሻው ሰማችና “እስቲ ድገምልኝ” አለችው።

ደግሞ አሰማት።

“ይሄ የወንድሜ ድምፅ ነው” አለች።

“ታዲያ እውነት ነዋ።”

“ወንድሜ ውሸት አያውቅም። ያንን ሲናገር ዘንቦ ነበር፤ ሣሩም ጉልበት ይደርስ ነበር። እሱ ግን ከሞተ ዓመት አልፎታል።” እያለቀሰች ነበር። “ዛሬ ሜዳው አቧራ ነው። ብትመጣ ኖሮ ግመሎችህን እዚሁ ትቀብራቸው ነበር።”

ገአስ የተጫኑትን ግመሎች አየ፤ ግመሎቹ ላይ የተቀመጡትን ልጆቹን አየ።

ሞሚና እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች። “ምሥራቅ ሸለቆ ግን ሣር አለ።”

“አየሽ ወይስ ሰማሽ?” አላት ገአስ። አጎቱ ፈገግ አሉ።

“ሰማሁ። የነገሩኝ ፍየል ሊሸጡ ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጡ ሰዎች ናቸው። የፍየሎቻቸው ጡት ሞልቶ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወተቱንም ጠጥቻለሁ። እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ላገናኝህ?”

አገናኘችው። ስማቸውን፣ ጎሳቸውን፣ ሣሩን ያዩበትን ቀን ጠየቀ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሩት። የቀረውን ወሬ ሁሉ ትቶ ወደ ምሥራቅ ነዳ። ግመሎቹ ተረፉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። ሟቹ ያየውን ተናገረ፤ ድምፁን የተቀባበሉትም ለወገን ይጠቅማል ብለው ነው። ገአስን ለጥፋት አድርሶት የነበረው ማን፣ መቼ፣ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ የሚሉትን ጥያቄዎች መርሳቱ ነው። የወሬ ብዛት አያስፈራም። እነዚህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ወሬ ደጅ ላይ ይመልሰዋል፤ የሚገባው ጥቂት ነው፣ ያም ይበቃዋል።

እናንተስ ዛሬ ለሰው ያስተላለፋችሁትን ወሬ ማን እንዳየው ታውቃላችሁ?

እኔም ብሆን ገአስን በዓይኔ አላየሁትም። ይህ ምሳሌ ነው፤ ለሌላ ስትልኩትም ምሳሌ ነው ብላችሁ ላኩት።