ሴት የምትጀምረው አውድማ

ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ደረቅ ሆኗል፤ ደመና የለም። በመንደራችን በዋንዛ አፋፍ ጤፍ እየተወቃ ነው። በዙሪያችን ባለው አገር ሴት አውድማ አትረግጥም፤ በእኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያውን ነዶ የምትጥለው የቤቱ እመቤት ናት፤ ስትጥልም በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ በአውድማ ቋንቋ እየጠራች ነው። ሽማግሌዎች ምክንያቱን እንዲህ ይናገራሉ።

ጥንት ይህ ቋንቋ የወንዶች ብቻ ነበር ይባላል። ክፉ መንፈስ ሰምቶ የእህሉን በረከት እንዳይወስድ በሬውን «ዘዋሪ»፣ ገለባውን «ጭጋግ»፣ መሸፈንን «ማልበስ» ይሉ ነበር። ቃሉ ከአውድማው አይወጣም፤ ሚስትም ምሳውን ከዳር አስቀምጣ ትመለሳለች።

እንደሚነገረው ጠንፉ የሚባል ገበሬ ጤፉን ሲያበራይ ሠራዊት በዚያ አለፈ፤ ወታደሮችም የሚያርዱት በሬ ፈልገው አውድማው ድረስ መጡ። ከፊቱ ያሉት በሬዎች አርጅተው አጥንታቸው ወጥቶ ነበር፤ ለእርሻው የተመካበት ወይፈን ግን ከቤቱ ጓሮ ታስሮ ነበር።

«ሌላ የለህም?»

«የለኝም።»

ወዲያው ሚስቱ ይታክቱ ምሳ ይዛ ደረሰች። ጠንፉ የእህል ማዝሪያ ላይዳውን ሳያስቀምጥ «ዘዋሪውን ጭጋግ አልብሺው» አላት። ወይፈኑን በገለባ ሸፍኚው ማለቱ ነበር።

«ምን አሉኝ?» አለች። ደገመላት።

«ኧረ በሰው አፍ ይንገሩኝ! ጭጋግ በየት አገር ይለበሳል?»

ወታደሮቹ ሳቁ። «አያ፣ ሚስትህን ከባዕድ አገር ነው እንዴ ያመጣሃት?» አለ አለቃቸው። ሳቁን ሲጨርስ ግን ነገሩን ጠረጠረ፤ ሴትዮዋን እስከ ቤቷ ተከትሎ ወይፈኑን ፈትቶ ነዳው።

ጠንፉ ሲመለስ ይታክቱ ባዶውን ካስማ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬዎት ስኖር አንዲት ቃል መች ነገሩኝ?» አለችው። በማግስቱ ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ ሚስቱን አውድማ ሊያስገባ መቁረጡን ነገራቸው።

«ሴት ከረገጠችው በረከቱ ይሸሻል» አሉት።

«በረከቴ ትናንት በገመድ ተስቦ ሄደ» አላቸው።

ከዚያም ይታክቱን እጇን ይዞ አውድማው መካከል አቆማት፤ እያንዳንዱን ነገር እየነካ ስሙን ነገራት፤ እሷም እየደገመች ነዶ ጣለች። ያን ዓመት ወይፈኑ ስለሌለ ግማሹ መሬቱ ጦም አደረ። የጎረቤቶቹም ሚስቶች በሚቀጥለው መኸር አውድማ ገቡ።

ልጄ ያገባው ከሌላ አገር ነው። ዛሬ ጠዋት ነዶውን አስይዤ ምራቴን መካከል አቆምኳት፤ የበሬውንም ቀንድ ይዤ «ይህ ዘዋሪ ነው» አልኳት።