እርሳሱን ቆልፌበታለሁ

ስንዱ አንድ ጥያቄ ለዓመታት ይዛ ኖራለች። ያልወለደች ሴት የሌላ ሰው ልጅ ስትወድ፣ የምትወደው ለልጁ ብላ ነው ወይስ ለራሷ? የጎረቤት ሕፃናትን፣ እናቶቻቸው ሥራ ውለው እስኪመለሱ፣ ቤቷ የምትጠብቅ ሴት ናት። ወደ ማታ ልጆቹ ሲወሰዱ ቤቱ ጭር ይላል። ጥያቄው የሚመጣባት ያኔ ነው፤ ጎንበስ ብላ የረሷቸውን ካልሲዎች ስትለቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥያቄውን ለጋሽ አስረስ አቀረበችላቸው። ጋሽ አስረስ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውም የምትውለው ስንዱ ዘንድ ነው።

«ጋሼ፣ ከሳቁብኝ ተነስቼ እሄዳለሁ።»

«በየትኛው ጥርሴ ልሳቅብሽ?» አሏት። ጥያቄዋን ሰምተው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንዲት ሴት ነበረች። እንዳንቺ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ባሏ ሞቷል፤ የሚጠይቃት ዘመድም የለም። ልጆቹን ደስ እንዲላቸው ብላ የመስኮቱን እንጨት ድሮ ደማቅ ቢጫ አስቀብታው ነበር። ቀለሙ አርጅቶ መላጥ ጀመረ። ልጆቹ ከሥሩ እየተቀመጡ ቅርፊቱን በጥፍራቸው ያነሱታል፤ ትንንሾቹ ጣታቸውን ይልሳሉ።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት መጣችና እየተጣደፈች፣ «እርሳስ ልጆቹ አፍ እንዳይገባ፤ አእምሯቸውን ይጎዳል» ብላት ሄደች። ሴትዮዋ ደነገጠች። ወዲያው መጻፊያ እርሳሶቹን ከልጆቹ እጅ ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ከተተችና ቆለፈችባቸው። ልጆቹ አለቀሱ። የሚሥሉበት ቢያጡ ሁሉም ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ወሬው በሰፈሩ ተሰምቶ ነበርና እናቶቹ በመጡ ቁጥር ይጠይቋታል።

«እርሳሱን አራቅሽልን?»

«ቆልፌበታለሁ!» ትላለች። መርቀዋት ይሄዳሉ።

ከጊዜ በኋላ የጤና ጣቢያዋ ወጣት ተመልሳ መጣች። ሴትዮዋ በኩራት ሳጥኑን ከፍታ አሳየቻት። ወጣቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መስኮቱን አየችና ሳቋ ቆመ።

«እማማ፣ እኔ ያልኩት ማዕድኑን ነው። አሮጌ ቀለም ውስጥ ይኖራል። ይሄ መጻፊያውማ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ።» ቀጥላም፣ ልጆቹ እዚያ ክፍል እንዳይውሉ፣ ደማቸውም እንዲመረመር ነገረቻት። «ቀለሙን ደረቁን እንዳትፍቂው፤ አቧራው ይብሳል። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው» አለቻትና ሄደች።

ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀመጠች። ከሰፈሩ ሰው ነገሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብትናገር ልጆቹ ይወሰዳሉ፤ ቀኑም እንደ ማታው ጭር ይላል። በማግስቱ አንዲት እናት እንደ ልማዷ፣ «እትዬ፣ እርሳሱ እንደተቆለፈበት ነው አይደል?» አለቻት። አዎ ብትል ቃሉ ውሸት አልነበረም። ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ሳትዋሽ ልትዋሽ ትችል ነበር።

እሷ ግን ገብታ ሳጥኑን ከፈተችና እርሳሶቹን ለልጆቹ መለሰች። ከዚያ እናቲቱን እጇን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ወሰደቻት።

«እርሳሱ ይኸውልሽ» አለቻት።

ልጆቹ ሁሉ ተወሰዱ። ደማቸው ሲመረመር አንዱ ልጅ ላይ እርሳስ ተገኘበት፤ በጊዜ ሕክምና ጀመረ፤ እናቱ ግን ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋን አላናገረቻትም። ሴትዮዋ መስኮቱን አስነቅላ ሌላ አስገባች፤ የሚመለስ ልጅ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ባዶ ቤት ስትወለውል ሰነበተች። የተመለሱ አሉ፤ እንደወጡ የቀሩም አሉ።

ጋሽ አስረስ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያቺ ሴት ሳጥኑን ስትቆልፍም ትወዳቸው ነበር፤ አላወቀችም እንጂ። ካወቀች በኋላ ግን ሁለት ፍቅር ፊቷ ቆመ። አንዱ ልጆቹ አጠገቤ ይሁኑ ይላል፤ ሌላው ልጆቹ ደህና ይሁኑ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱ አንድ ይመስሏት ነበር። ጥያቄሽ ተቀምጠው ቢያስቡት አይመለስም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ግን ሰው በሥራው ይመልሰዋል።»

ስንዱ አቀረቀረች።

«የልጅ ልጄ፣ ያንቺ ቤት አረንጓዴው ግድግዳ ጠፋ አለችኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እትዬ ስንዱ ቁም ሣጥን አቆመችበት አለችኝ። ያቺ ሴት ሳጥን ነበራት፤ አንቺም ያው ቁም ሣጥን አለሽ።»

የስንዱ ፊት ጋለ። ስለ አሮጌ ቀለም ጉዳት በሰፈር ስብሰባ ላይ ሰምታ ነበር። ከዚያ ስትመለስ የተላጠውን ግድግዳዋን ስታየው ቆየችና፣ ለማንም ሳትናገር ቁም ሣጥኑን ገፍታ ሸፈነችው።

«ነገ ልላካት?» አሉ ጋሽ አስረስ።

ስንዱ የልጅቷን ሳቅ አሰበች። ማለዳ ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።

«አይላኳት፣ ጋሼ» አለች።

ቤቷ ገብታ ቁም ሣጥኑን ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው። ጠዋት ደጇ ላይ ቆማ፣ ለእያንዳንዷ እናት ግድግዳውን አሳይታ፣ ልጆቹን ሳታስገባ ልትመልስ ወሰነች። ከዚያ የተረሱትን ካልሲዎች ሁሉ አጥባ አሰጣቻቸው፤ ነገ ከባለቤቶቻቸው ጋር እንዲሄዱ።