ዋሶቹን ይዞ የመጣው ሥራ ፈላጊ

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረ፤ አንተነህ ይባላል። በአገሩ ሳለ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ይሠራ ነበር። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሒሳብ ሹሟ ፓስወርዷን ረስታ ጠረጴዛ ስትደበድብ የሚጠራው እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል "እሰይ፣ መጣልን!" ይሉታል። እሱም መጀመሪያ "እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና?" ይላል እንጂ ዘሎ ማሽኑን አይነካም። የተቆጣ ሰው አጠገብ ያለ ኮምፒውተር መቼም አይሠራም ብሎ ያምናል። እውነቱን ነው።

ሚስቱ ወይንሸት በነርስነት ሥራ አግኝታ ወደ አንድ ብርዳም አገር ቀድማው ሄዳ ነበርና፣ እሱም ጨርቄን ማቄን ሳይል ተከተላት። በደረሰ በሳምንቱ ሥራ መፈለግ ጀመረ። ባመለከተበት ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆነበት።

"የዚህ አገር የሥራ ልምድ አለህ?"

"የለኝም።"

"እናዝናለን።"

ወይ ማዘን! ሥራ ሳይሰጡት የአገሩን ልምድ ከየት ያመጣዋል? ከገበያ አይገዛ! ደግሞስ ኮምፒውተር ባሕር ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል እንዴ? የቀድሞ አለቃውን ስልክ ቁጥር ቢሰጣቸውም የደወለ አንድ ሰው የለም። ባሕር ማዶ ያለ ምስክር ለእነሱ እንደሌለ ነው።

አንተነህ እስከዚያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ሳህን ያጥብ ጀመር። ሳህን ማጠብ ነውር አይደለም። ነውር ነው የሚል ካለ በበላበት ሳህን ይፈር። እሱን ያንገበገበው ሌላ ነው፤ "እስከ ዛሬ የምታውቀው ሁሉ ከንቱ ነው" መባሉ ነው። ስለዚህ ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለው፣ "የአይቲ ባለሙያ ነኝ፤ አሁን ሳህን አጥባለሁ" ብሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ይስቅበታል። እሱ ግን መልሱን ለማንም ብሎ አልቀየረም።

በዚያ ከተማ ለሐበሻው ሁሉ መካሪ የሆኑ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንተነህን አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሄደው የተቀበሉት፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሶፋ እንኳ ፈልገው ያመጡለት እሳቸው ናቸው። በአገራቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። እዚህ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ማስተማራቸውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እሳቸውም አያነሱትም። አንድ ቅዳሜ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡና፣

"ስማኝ ልጄ" አሉት። "እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ነው ነገሩ። አንተነህ የሚለው ስም ለእነዚህ ሰዎች አፍ አይመችም፤ አንቶኒ በለው። የእህቴ ልጅ የሞባይል ሱቅ አለው፤ እዚያ ሠርቻለሁ በል፣ እሱ ይመሰክርልሃል። ያልተደረገ ነገር አይደለም። ይህን ካልፈለግህ ደግሞ ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል። ብርዱ ሳይጠና ግባና ኮምፒውተሩን እርሳው።"

አንተነህ አቀርቅሮ ሰማቸውና ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ዶሮ ማረዱን አልጠላሁትም። የጠላሁት 'እርሳው' ያሉትን ነው። ወንዙን እንደ ወንዝነቱ እሻገረዋለሁ፤ ልብሴን ግን ለወንዙ አልሰጥም። ስሜ ልብሴ ነው፤ እውነቴም ልብሴ ነው። ማዶ ላይ ራቁቴን ብወጣ፣ ማን መጣ ሊባል ነው?"

የጋሽ ደምሴ ፊት ጠቆረ። "እኔን ራቁቱን የተሻገረ ማለትህ ነው?"

"ኧረ ጋሼ! እርስዎን አላልኩም።"

"ብለሃል" አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ወይንሸት በሩን ዘግታ ዞረችበት። "ምነው አንተ ደግሞ! ሰው ራሱ ባመጣው ሶፋ ላይ እንዲህ ይባላል?"

 አንተነህ ያለውን ማለቱ አልቆጨውም፤ እሳቸውን ማስቀየሙ ግን ከነከነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ኩባንያ ጠራው። ለሠራተኞቹ ኮምፒውተር የሚጠግንና ለደንበኞቹም ስልክ እያነሣ የሚረዳ ሰው ይፈልጋል። ሥራው ልክ የአንተነህ ሥራ ነው። ፈታኟ ኮስታራ ሴት ናት። የተበላሸ ማሽን ሰጥታው አበጀላት፤ ከዚያ አስቀምጣ ትጠይቀው ገባች።

"በሥራህ ጎበዝ ነህ?"

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ያሳፍራል፤ ማሞገስ የሌላ ሰው ሥራ ነው። አንተነህም እንዳደገበት "ጥቂት ጥቂት እሞክራለሁ" አለ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ብቻውን የዘረጋ ሰው ነው። ሴትየዋ ግን እውነትም ጥቂት የሚሞክር መስሏት ቅር አላት። "በፈረቃ መሥራት ትችላለህ?" ብትለው ደግሞ አዎ ለማለት እንደ ልማዳችን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። ያመመው መስሏት ውሃ አመጣችለት።

በመጨረሻ "ማሽኑን ሠርተሃል፤ አንተን ግን አላውቅህም" አለችው። "ከዚህ ከተማ ስለ አንተ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ስጠኝ። እስከ ሐሙስ ካልሆነ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

አንተነህ እየሮጠ ቤቱ ገባ። "ዋስ ነው የጠየቀችኝ!" አለ ወይንሸትን። ዋስማ የሚያውቀው ነገር ነው። በአገሩ ሥራ ሲቀጠር ዋሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መታወቂያውን ይዞ በአካል ሄዷል፤ ፈርሟል። ሰው ለሰው ፊቱን ካላሳየ ምኑን ዋስ ሆነ?

አንዷ ዋስ አልቸገረችውም። ከታች ፎቅ የምትኖር የዚያው ብርዳም አገር ተወላጅ አሮጊት አለች፤ ኮምፒውተሯ በተበላሸ ቁጥር የሚሠራላት እሱ ነው። ገና ነገሩን ሲጀምርላት "የት ነው? ስንት ሰዓት?" አለችው። ሁለተኛው ዋስ ግን ከጋሽ ደምሴ ሌላ ሊሆን አልቻለም። የሐበሻውን ዕድር ኮምፒውተር ሲጠግን ዓይናቸው ያየ እሳቸው ናቸው፤ በከተማው አንተነህ የሚያከብረውም እሳቸውን ነው። መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄደ። ከጥበቃ ጎጆዋ በር ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ አምልጦኝ አስቀየምኩዎት።"

"ደህና። ለምን መጣህ?"

"ዋስ እንዲሆኑኝ" ብሎ የሆነውን ነገራቸው።

ጋሽ ደምሴ ሳይፈልጉ ሳቁ። "ዋስ! አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር እኮ ምስክር በአካል አይሄድም። ስልክ ቁጥር ሰጥተህ ቤትህ ትቀመጣለህ፤ ሲፈልጉ ይደውላሉ። ሰው አስከትለህ ብትሄድ መሳቂያ ነው የምትሆነው።"

አንተነህ ክው አለ። እስከዚያች ሰዓት ነገሩ እንደ አገሩ መስሎት ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ሊመለስም አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ከዚያ ግን ያ ሁሉ "እናዝናለን" ታወሰውና ደሙ ፈላ።

"ስልክ ቁጥር ስሰጥ ነው የኖርኩት፤ ማን ደወለልኝ? ይሳቁ! የሳቀብኝ ሰው ቢያንስ ፊቴን አይቷል። እኔ ሐሙስ ዋሶቼን ይዤ እሄዳለሁ። እርስዎም ይምጡልኝ ጋሼ። አደራ ግን፣ ያልሠራሁትን ሠርቷል እንዳይሉ።"

ጋሽ ደምሴ መግቢያውን የሚዘጋውን እንጨት ከፍ አድርገው አንድ መኪና አሳለፉ። እሺም እምቢም አላሉትም።

ሐሙስ አንተነህና አሮጊቷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። አንድ አውቶቡስ አለፈ። አሮጊቷ "ሰውዬህ ቀረ" አለች። ሌላው አውቶቡስ ሲመጣ ግን ጋሽ ደምሴ ከማዶ ብቅ አሉ። ግራጫ ሱፍ ኮት ከነክራቫቱ ለብሰዋል፤ ኮቱ ከሣጥን የወጣ ልብስ ሽታ ይሸታል። እንዲህ ለብሰው አንተነህ አይቷቸው አያውቅም።

ኩባንያው ሲደርሱ እንግዳ ተቀባዩ ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች አያቸው። ፈታኟ ተጠርታ መጣች፤ ከንፈሯም ለሳቅ ትንሽ ተላቀቀ።

"የጠየቅኩህ እኮ ስልክ ቁጥር ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ አንተነህ። "በእኛ አገር ግን ዋስ ፊቱን ያሳያል። እኔን አላውቅህም ብለሽኛል፤ የሚያውቁኝ እነዚህ ናቸው።"

አሮጊቷ አልጠበቀችም። "ይህ ልጅ ኮምፒውተሬን ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ እንደ ደደብ አላየኝም። መጀመሪያ ጤናዬን ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ማሽኑን። የእናንተ ሰዎች ስልክ ላይ እንደ ደደብ ነው የሚያናግሩኝ" አለች።

ሴትየዋ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። "እርስዎስ? ሥራዎ ምንድን ነው?"

ጋሽ ደምሴ ይህን ጥያቄ በዚህ አገር ስንቴ ተጠይቀው ስንቴ በአጭሩ መልሰውታል! አንተነህን ዞር ብለው አዩት፤ ኮታቸውንም ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

"የፊዚክስ መምህር ነኝ" አሉ። "አሁን መኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ።"

አንተነህ እንባው መጣበትና ጣሪያውን አየ።

"ይህን ሰው እንዲዋሽሽ የመከርኩት እኔ ነኝ" ብለው ቀጠሉ። "ስምህን ቀይር፣ ባልሠራህበት ሠርቻለሁ በል አልኩት። ሥራ አጥቶ እየተንከራተተ እምቢ አለኝ። እንዲያውም ተጣላን። እናንተ የምትፈልጉት የመሥሪያ ቤቱ ፓስወርድ ሁሉ በእጁ የሚገባ ሰው ነው። የቤትሽን ቁልፍ ለማን ነው የምትሰጪው? ለሚዋሽሽ ነው ወይስ ለዚህ?"

ሴትየዋ ሳቋን ዋጠች። ትንሽ አሰበችና ወደ አንተነህ ተመለሰች።

"ያን ጥያቄ እንደገና ልጠይቅህ። በሥራህ ጎበዝ ነህ?"

አንተነህ ፊቱ ጋለ። ይሉኝታ ያዘው፤ "ጥቂት" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አሮጊቷ በከዘራዋ ቁርጭምጭሚቱን ነካ አደረገችው። እሱም ይህ ወንዙ እንደሆነ ገባው። መሻገር ያለበት ይህን ነው።

"ጎበዝ ነኝ" አለ፣ አፉን ሞልቶ።

"እንግዲያው ሰኞ ና። ደረትህ ላይ ለሚንጠለጠለው ባጅ ግን ስምህ ከበደኝ፤ አጠር ያለ የለህም?"

"የለኝም። አንተነህ ነው።"

ሴትየዋ ልትለው ሞከረች፤ ተሰበረባት። ደግማ ሞከረች፤ ባሰባት። "ከባድ ነው" አለች።

"ይለመዳል" አላት አንተነህ። "እኔ የእናንተን ብርድ ለምጄ የለ?"

ሲመለሱ አሮጊቷ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሽ ደምሴ የኮታቸውን እጅጌ እየዳበሱ፣ "በአገሬ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባሁት በዚህ ኮት ነበር" አሉ። "ያን ቀን ስትናገረኝ የተናደድኩት ውሸት ስለሆነብኝ አይደለም። ልብሴን ወንዝ የወሰደው ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እኔው ነኝ ሣጥን ውስጥ የቆለፍኩበት።"

ወገኔ ሆይ፣ የሰው አገር ስትገባ ወንዙን እንደ ወንዙ ተሻገር። ቋንቋውን ተማር፣ ብርዱን ልመድ፣ ይሉኝታህንም ቦታው ሲሆን ዋጠው። ሳህንም እጠብ፣ መኪናም ጠብቅ፤ በላብህ የበላኸው እንጀራ አያሳፍርህም። ነገር ግን "ስምህን ጣል፣ እውነትህን ጣል፣ የምታውቀውን እርሳ" የሚልህን እምቢ በለው፤ ወዳጅህም ቢሆን እምቢ በለው፤ እምቢታህ አንድ ቀን ለእሱም ይተርፋልና። የሚያውቁህንም ሰዎች ይዘህ ፊትህን አሳይ። የሚስቅ ይሳቅ።

ለመሆኑ አንተ፣ ሰው ሥራህን ሲጠይቅህ የምትመልሰው አሁን የያዝከውን ብቻ ነው ወይስ የምታውቀውንም? ልብስህስ ላይህ ላይ ነው ወይስ ሣጥን ውስጥ?