የአገጭ ሜዳ

በላይ አምባና በታች አምባ መካከል አንድ ዛፍ የማይታይበት ሜዳ አለ፤ አገጭ ሜዳ ይሉታል። በሁለቱም መንደሮች ሽማግሌ ጢም አያሳድግም። ሰማንያ የደፈነው ሳይቀር ምላጩን ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጥና ፊቱን እንደ ሙሽራ ልጭት ያደርገዋል። እንግዳ ይሄን አይቶ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

እንደሚነገረው ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሮጦ የሽማግሌ ጢም ከጨበጠ የሟች ወገን አይነካውም፤ ጢሙን እንደያዘ ሜዳውን ተሻግሮ ከሟች ዘመዶች ፊት ይቀርባል፣ እዚያም እርቅ ይወርዳል። ጢም ቤት ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከሁሉም የረዘመው የአያ ቢተው ነበር ይባላል፤ እምብርታቸው ድረስ የሚወርድ፣ ቅቤ የማይለየው፣ እሳቸውም ሲበሉ በነጠላ የሚሸፍኑት።

አንድ በጋ መኳንንት የሚባል የታች አምባ ገበሬ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ የላይ አምባውን ሰው በዶማ መታና ገደለው፤ ሮጦም አያ ቢተው ቤት ገብቶ ጢማቸውን ጨበጠ። እናቱ እናኑ ተከትላው ደረሰችና እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያ ቢተው፣ ከሱ ሌላ ማንም የለኝም።»

«ተነሽ እንጂ! ይሄ ጢም እስካለ ልጅሽ አለ» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳውን ሊሻገሩ ሲነሱ፣ አብሮ አደጋቸው ጓንጉል ጠጋ ብሎ፣ «ቢተው፣ ከሥሩ ያዝ በለው፤ እጁ ከአገጭህ እንዳይለይ» አላቸው።

«ምነው፣ እንደ ፍየል አገጬን ተይዤ ልጎተት? ሰው ምን ይለኛል! ጫፉን ይያዝ፤ ለዚህ አይደል የረዘመው?»

ተሳሳቁ። እውነቱን ግን አያ ቢተው በልባቸው ያውቁት ነበር ይባላል፤ የላይ አምባ ሰዎች ርዝመቱን ከላይ እስከ ታች እንዲያዩላቸው ፈልገው ነው።

ሜዳው መሃል ሲደርሱ የሟችን ወንድም ሻረውን ከዘመዶቹ ጋር ቁጢጥ ብሎ አገኙት። ተነሣና እጅ ነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ጢምዎ እንዴት ያምራል!»

አያ ቢተው ለምስጋናው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሻረው ከነጠላው ሥር ማጭድ አወጣና በአገጫቸውና በመኳንንት ጭብጥ መካከል አንዴ ሳበው። ጠብታ ደም አልፈሰሰም። መኳንንት እጁ ላይ የቀረውን ጠጉር እያየ ደርቆ ቀረ።

«ሥርዓቱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለ ሻረው። «አሁን ይሄ የያዘው የማን ጢም ነው?»

«የእኔ ነው ይበሉ እንጂ፣ አያ!» አለ መኳንንት።

አያ ቢተው አፋቸውን ከፈቱ። አርባ ዓመት በሥርዓቱ የፈረዱ ሰው ናቸው፤ ከሽማግሌ ፊት ያልበቀለ ጢም እንደማያድን ራሳቸው ስንቴ ተናግረውታል። አቅፈው ሊይዙት ይችሉ ነበር፣ ሊዋሹም ይችሉ ነበር። እጃቸው ግን ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ አገጫቸው ሄደ፤ ዳበሱት፣ በረዳቸው። ሻረውም ሁለተኛ አልጠየቀም።

የመኳንንት ጭብጥ ከሞተም በኋላ አልፈታ ብሎ ከነጠጉሩ ቀበሩት። አያ ቢተው ለልቅሶ ሲሄዱ እናኑ አላለቀሰችባቸውም፣ አልሰደበቻቸውም። አገጫቸው ላይ የተረፈውን ቁራጭ ትክ ብላ አየችና፣ «እስካለ ብለውኝ ነበር» አለች። እሳቸውም የተረፈውን እዚያው በራፏ ላይ ላጩት ይላሉ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ተላጩ። አንዳንዱ ኀዘን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ፣ መተዛዘብ እንዳይሆን እንጂ፣ የሚጨብጥ እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነው ይላል።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መንደሮች መካከል እርቅ ሲወርድ ያየ ሰው የለም። የገደለ በረሃ ይወርዳል፣ ወንድሙ በሱ ፈንታ ይሞታል፣ የዚያም ወንድም እንዲሁ። ዛሬም በዚያ መንገድ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሲሰማ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አገጫቸውን ይዳብሳሉ፤ ልሙጥ መሆኑን ሲያረጋግጡም ተነሥተው በራቸውን ከውስጥ ይቀረቅራሉ።