ሦስቱ የጎማ እንቁራሪቶችና አያ አምባዛ

«ጥቁሯን ለበሩ አድርጋት፤ ዓሣ እንደሆነ አታመጣም» አለችው አረንጓዴዋ የጎማ እንቁራሪት ዓሣ አጥማጁን።

«ምን አደረግኩሽ?» አለች ጥቁሯ።

«ምንም። አታምሪም እንጂ።»

ስሙኝማ፤ ይህ የሆነው ድሮ ነው፤ አሮጌ ጫማ እንኳ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን። ሐይቅ ዳር የሚኖር ጫንያለው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከነጠላ ጫማ ሦስት እንቁራሪቶች ቀርጾ ነበር። አረንጓዴዋ ከአዲስ ጫማ ተቆረጠች፤ የጫማው አንዱ እግር ሐይቅ ገብቶ ጠፍቶ፣ የቀረው ምድር ሳይረግጥ ቀርቶ ነው። ነጯም ብዙ አልተረገጠችም። ጥቁሯ ግን ተረከዙ እስኪሳሳ ከተረገጠ ጫማ ነው የወጣችው። ጫንያለው ለሦስቱም መንጠቆ ሰካባቸው። ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ዓሣ እንቁራሪት መስለውት ይውጣቸዋል፤ መንጠቆው ያስቀረዋል።

የጫንያለው ጎጆ በር አይገጥምም። ነፋስ በመጣ ቁጥር ወለል ይላል።

«ከሦስታችሁ አንዷ ለበሩ ሽብልቅ ትሆናለች» ብሏቸዋል።

ጥቁሯ ይህን ከሰማች ወዲህ ዕረፍት የላትም። ተረግጦና ተጨፍልቆ መኖር ምን እንደሚመስል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ጫንያለው መደብ ላይ ደረደራቸው። ቆሞ ከላይ አያቸው። የአረንጓዴዋን ጀርባ በቢጫ ነጠብጣብ አሳምሮታል፤ እንኳን ዓሣ፣ እሱ ራሱ ሊውጣት ምንም አልቀረው። ነጯ ንጹሕ ናት። ጥቁሯ ጥቁር ናት።

ሲነጋ በጀልባ ሐይቅ ገቡ። ሌሊት ዘንቦ ውሃው ደፍርሷል። ሰማዩ ነጭ ደመና ለብሷል።

አረንጓዴዋ ተወረወረች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለች በቄጠማው መሐል ተጎተተች።

«አያ አምባዛ፣ ነጠብጣቤን አላየህም?»

«የምን ነጠብጣብ?» አለ ጢማሙ ዓሣ አምባዛ ከውሃው ሥር። «ከዚህ የሚታየኝ ቄጠማ ነው።»

ነጯ ተወረወረች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«አያ አምባዛ፣ ንጽሕናዬን አላየህም?»

«የቱ አንቺ፣ የቱ ደመናው?» አለ አምባዛ። ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ተኛ።

ጫንያለው ወደ ቤቱ ሊመለስ መቅዘፊያውን አነሣ።

«ጋሼ ጫንያለው፣ እኔስ?» አለች ጥቁሯ።

«አንቺማ ለበሩ ነሽ።»

ቄጠማው ላይ የተቀመጠች እውነተኛ እንቁራሪት፣ እመት እንቁራሪት፣ ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታጠምድ የመጣኸው ጭልፊት ነው እንዴ?»

«አምባዛ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ምነው እንደ ጭልፊት ከላይ ታያለህ? ጀርባዬን የሚያየው ጭልፊት ነው። አምባዛ የሚያየው ሆዴን ነው። ከሁለቱም ስሸሽ ነው የኖርኩት። ልጆቼንም የጨረሳቸው አምባዛው ነው፤ እስቲ ተጋደምና እይ።»

ጫንያለው አፍሮ ዙሪያውን ቃኘ። ሰው የለም። ጀልባው ውስጥ በጀርባው ተጋደመና ሦስቱንም አንድ በአንድ ወደ ሰማይ አንሥቶ ከሥር አያቸው። አረንጓዴዋ ደበዘዘች። ነጯ ደመናው ውስጥ ጠፋች። ጥቁሯ ጉልህ ብላ ታየች።

«ወይ ጉድ» አለ።

«ፀሐይ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ደግሞ የነጯ ተራ ነው፤ የኔም ሆድ ነጭ ነው» አለች እመት እንቁራሪት።

ጫንያለው ጥቁሯን ወረወራት። ጠብ አለች፤ ምንም። እንደገና ወረወራት። ጠብ አለች፤ ምንም። ጥቁሯ የጎጆው በር ታያት። ለሦስተኛ ጊዜ ወረወራት፤ ጠብ ከማለቷ ውሃው ፈነዳ። ገመዱ ተወጠረ፤ ጀልባው ዘመመ፤ አያ አምባዛ ጢሙን እያንጠባጠበ ወጣ።

«ጥቁር መሆኗ ነው ያታለለህ?» አለው ጫንያለው።

«ቀለሟን ማን አየ?» አለ አምባዛ እያለከለከ። «ሰማዩ የጎደለበትን ቦታ አይቼ ነው የመጣሁት።»

እንግዲህ ሰሚዎቼ፣ ለዓሣ የምትቀቡትን እንደ ዓሣው ከሥር ሆናችሁ እዩት።

አመሻሹ ላይ ነፋስ ተነሣ፤ በሩ ወለል አለ። ጫንያለው የመንጠቆ ሣጥኑን ከፈተ። እንቁራሪቶቹን ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርጎ አስተኝቷቸዋል። እጁ ጥቁሯ ላይ ደረሰ። እጁ አለፋት። ነጯንም አለፋት።

«ጋሼ፣ ጀርባዬን እይልኝ!» አለች አረንጓዴዋ።

«አይቼዋለሁ» አለ ጫንያለው፤ አነሣት።

አረንጓዴዋ ከእጁ ላይ ሆና ወደ ጥቁሯ ዞር አለች።

«እህቴ፣ መረገጥ እንዴት ነው?»

ጥቁሯ ከሣጥኑ ውስጥ አየቻት።

«ትለምጂዋለሽ» አለቻት።

በሩ ተዘጋ።